ሜዳ ላይ የጀመራችሁትን ሜዳ ላይ ጨርሱት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዱ እንጦጦ ላይ የጀመረውን ሥዕል ይዞልኝ መጣና «ቀሪውን ቤት ገብቼ አስተካክለዋለሁ» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ይህ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም።

እኔም በእናንተ ዕድሜ እንዲሁ አድርጌአለሁ። ዝናቡ አባርቶ አየሩ በጠራበት የመስከረም ጠዋት እንጦጦ ላይ ቆሜ ወደ ደቡብ ሣልሁ። ዝቋላ በሩቁ ግራጫ ሐምራዊ ሆኖ ይታይ ነበር፤ እንዳየሁት አኖርሁት። ማታ በአምፖል ብርሃን ሳየው ግን አላመንሁትም። ተራራ አረንጓዴ ነው ብዬ አረንጓዴ ደረብሁበት። የአምፖሉ ቢጫ ብርሃን ቢጫ ቀለምን አደብዝዞ ስለሚያሳይ አደይ አበባውንም አብዝቼ ቀባሁት። ሲነጋ ደጅ አውጥቼ ባየው ዝቋላ ከአጥሬ ጀርባ ያለ ጉብታ መስሏል፤ ሜዳው የእንቁላል አስኳል ሆኗል። ጠዋት የሣልሁት ያየሁትን ነበር፤ ማታ የሣልሁት የማውቀውን። ያንን ጠዋት ከሸራው ላይ ፍቄ ላገኘው አልቻልሁም።

ስለዚህ ሸራችሁን አሳንሱ። 25 በ35 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ መሆን አለበት። በአገራችን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። በመስከረም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዛፉ ቁመት አራት እጥፍ በላይ የሚረዝመው ጥላ፣ 3 ሰዓት ሲሆን ከቁመቱ ጋር ለመስተካከል ይቃረባል። እንግዲያውስ ከሁሉ በፊት ጥላውን በቀጭን ቀለም ወስኑት፤ ከዚያ በኋላ ቢሸሽ አትከተሉት። ጥላውን እየተከተለ የሚያርም ሰው በአንድ ሸራ ላይ ሁለት ፀሐይ ያወጣል።

ብርሃኑ ከእጃችሁ ካመለጠ ሸራውን አንሡና በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመለሱ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 እና በ1893 የሩዋን ከተማን ካቴድራል ሲሥል፣ ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ሸራ ይለውጥ ነበር። በዚህ ምሰሉት። እነዚያን ሥዕሎች ኋላ ቤቱ አስገብቶ ነው የጨረሳቸው፤ እዚያ ላይ ግን እኔ አልከተለውም፣ እናንተም ባትከተሉት እወዳለሁ።

አንድ ጥግ ሳይቀባ ቢቀር ይቅር። ቅጠሉ አንድ በአንድ ባይታይ አትጨነቁ፤ ከሩቅም አይታይም። ብሩሻችሁን ከዚያው ሳትነሡ ጥረጉ፣ የቀለም ሣጥናችሁን ዝጉ። ቤት ስትደርሱ እርጥቡ ቀለም እንዳይነካካ ተጠንቅቃችሁ የሥዕሉን ፊት ወደ ግድግዳ አዙሩት። ከሳምንት በኋላ ስታዩት ጉድለት ካገኛችሁበት አዲስ ሸራ ይዛችሁ እንጦጦ ውጡ።