ቤት ተቀምጦ መፈልሰፍ ወይስ መፍቻ መያዝ? ለአንዲት የሜካኒካል ምሩቅ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂዬ፤

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ፍሬ ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጥ። በሜካኒካል ምሕንድስና በቅርቡ ተመርቀሻል፤ የገንዘብ መቁጠሪያ ማሽኖችን፣ የሳንቲም መለያዎችንና የካዝና ቁልፎችን የሚጠግን አንድ ድርጅት በቴክኒሻንነት ሊቀጥርሽ ፈቅዷል፤ አባትሽ ግን «ዲግሪ ጭነሽ የሰው ማሽን ስትፈቺ ልትውዪ ነው?» ብለው ተቆጥተዋል፤ አጎትሽ በበኩላቸው በአንድ ባንክ የጽሕፈት ሥራ እንደሚያስገኙልሽ ቃል ገብተውልሻል። የአንቺ ልብ ያለው ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ነው። በመመረቂያ ሥራሽ የጀመርሽውን የገንዘብ መሳቢያ መቆለፊያ ለአንድ ዓመት ቤት ተቀምጠሽ ልታሻሽዪው፣ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አውጥተሽበትም ለአምራቾች ልትሸጪው ትፈልጊያለሽ። ጥሬ ገንዘብ እየጠፋ ስለሆነ ሙያው ይሞታል የሚል ስጋት፣ ሁለተኛ ዲግሪ ልቀጥል ወይ የሚል ጥያቄና የደመወዙ ማነስም አብረው ተነሥተዋል።

የጥገናውን ሥራ ያዢው። ይህን የምለው ፈጠራሽን ንቄ አይደለም፤ የላክሽልኝ ሥዕል በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ዝርዝሩን እዚህ የማልገልጸው ሆን ብዬ ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ አነሣዋለሁ። ነገር ግን በሥዕሉ ላይ ያለው መሳቢያ ባዶ፣ አዲስና ንጹሕ ነው። ማንም ገንዘብ የሚይዝ ሰው እንዲህ ያለ መሳቢያ ኖሮት አያውቅም።

ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ብዙ ዓመት ያሳለፍሁት በሞርሳና በቶርኖ (ብረት በሚቆነጥጥና ብረት እያዞረ በሚቆርጥ መሣሪያ) አጠገብ ስለሆነ፣ አንድ ገጠመኜን ልንገርሽ። አንድ ደንበኛ የሽያጭ መመዝገቢያው መሳቢያ አልፎ አልፎ አልከፈት እያለ አስቸገረኝ ብሎ አመጣው። ጠረጴዛዬ ላይ ሃያ ጊዜ ከፈትሁት፤ ሃያውንም ጊዜ ተከፈተ። ወስዶት ሄደ፤ በሳምንቱ መልሶ አመጣው። ሞላውን ቀየርሁለት፤ እንደገና ተመለሰ። በሦስተኛው እኔው ወደ ሥራ ቦታው ሄጄ አየሁት፤ መሳቢያው እስከ አፉ ድረስ ሳንቲም ሞልቶበታል። መንጠቆው መሳቢያውን የሚይዘው ከታች ወደ ላይ ገብቶ ነበር። መሳቢያው በሳንቲሙ ክብደትና ባለቁ መሽከርከሪያዎቹ ምክንያት ጥቂት ዝቅ ሲል፣ መንጠቆው ከተለመደው በላይ ጠልቆ ይገባል፤ መንጠቆውን ወደ ታች የሚስበው ማግኔት ግን የሚንቀሳቀሰው ያችኑ የተለካችለትን ርቀት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይስባል፣ አያደርስም። ካቻቪቴ ሳላነሣ በአንድ ጣቴ የመሳቢያውን ፊት ወደ ላይ ደገፍ ሳደርገው ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ጠረጴዛዬ ላይ ሃያ ጊዜ የከፈትሁት ባዶውን ነበር፤ ደንበኛው ሳንቲሙን አራግፎ ነበርና የሚያመጣልኝ።

ያን ቀን የተማርሁትን ማንም መምህር በሰሌዳ አላስተማረኝም። አንቺ የምትገቢበት ድርጅት እንዲህ ያለውን ትምህርት እየከፈለሽ ያስተምርሻል። የገንዘብ መቁጠሪያ ማሽን ሲከፈት የምታዪው አንድ የሚስብ የጎማ መሽከርከሪያና ከእሱ ትይዩ የተቀመጠ፣ ሁለተኛው ወረቀት ተከትሎ እንዳያልፍ የሚያግድ ሌላ ጎማ ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት የአንድ ወረቀት መንገድ ብቻ ነው። ጎማው በወረቀት ብናኝ ሲለሰልስና ሲያብረቀርቅ መያዝ ይተዋል፤ ሁለት ወረቀት ተጣብቆ ያልፋል፤ ማሽኑም ይሳሳታል። ልምድ የሌለው ሠራተኛ ወዲያው የኤሌክትሮኒክስ ካርዱን ይቀይራል፤ የለመደው ግን በጥፍሩ ጎማውን ፈተግ አድርጎ ያውቀዋል። አዲስ መቆለፊያ ለመሥራት የምታስብ ሰው መጀመሪያ ሊኖራት የሚገባው እንዲህ ያለው ጥፍር ነው።

በሙያሽ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ከአንቺ ጥያቄ ጋር በቀጥታ የሚገጥም ሰው አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ጆሴፍ ብራማ በ1784 ለንደን ውስጥ ፓተንት ያወጣበት መቆለፊያ በዘመኑ ተወዳዳሪ አልነበረውም። መክፈቻዋ ትንሿ ክብ ቁልፍ ስትገፋ በመቆለፊያው ውስጥ ያሉት ተንሸራታቾች እያንዳንዳቸው በተለያየ ጥልቀት ይወርዳሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከልካቸው ላይ ካልደረሱ አይዞርም። ብራማ ይህን መቆለፊያ ያለ መክፈቻው ለሚከፍት ሰው 200 ጊኒ (የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ገንዘብ) እንደሚሰጥ የሚገልጽ ጽሑፍ በመስኮቱ ላይ አስቀምጦ ነበር። ሽልማቱን የወሰደው አሜሪካዊው አልፍሬድ ሆብስ ሲሆን፣ ያም በ1851 ነው፤ በ16 ቀናት ውስጥ 51 ሰዓት ያህል ደክሞበታል። ይሁን እንጂ ብራማ መቆለፊያውን ሲፈለስፍ አንድ ችግር ገጥሞት ነበር፤ ክፍሎቹ እጅግ ጥቃቅንና ትክክለኛ መሆን ስለነበረባቸው በሞረድ ብቻ እየተሠሩ ለብዙ ሰው ሊዳረሱ አልቻሉም። ችግሩን የፈታው በ1789 የቀጠረው የ18 ዓመት ወጣት ሄንሪ ሞድስሊ ነው። ሞድስሊ በ12 ዓመቱ በዉልዊች የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ባሩድ በመሙላት ሥራ ጀምሮ፣ ከአናጢዎች ዘንድ አልፎ ወደ ቀጥቃጮች ክፍል የገባ፣ ዲግሪ የሚባል ነገር ያልነበረው ልጅ ነበር። የመቆለፊያውን ክፍሎች የሚቆርጡ ማሽኖችን ሠራ፤ መቁረጫ ብረቱን በእጅ ከመያዝ ይልቅ በተንሸራታች መያዣ ላይ አስሮ በብሎን የሚያስኬደውን የቶርኖ አሠራር ያጎለመሰውም እርሱ ነው። ዛሬ በየትኛውም ወርክሾፕ የምታዪው ቶርኖ ከዚያ የቁልፍ ሥራ ጋር ዝምድና አለው።

ሞድስሊ የሥራ ኃላፊ ሆኖ ቤተሰብ ሲያፈራ በሳምንት ከሚከፈለው 30 ሽልንግ በላይ ጠየቀ፤ ተከለከለ፤ በ1797 ወጥቶ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። እኔም በዕድሜዬ አንድ ጊዜ እንዲሁ ጠይቄ እንዲሁ ተከልክዬ ስለማውቅ ይህን ስጽፍ ፈገግ ማለቴን አልደብቅሽም። ቁም ነገሩ ግን ሰውየው ሲወጣ ይዞት የወጣው ነገር ነው፤ ስምንት ዓመት የሌላ ሰው ፈጠራ ላይ የሠራ እጅና ምን እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ዓይን ይዞ ወጥቷል። ቀድሞ ቤቱ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ የሚፈለስፈው ነገር ራሱ ምን እንደሆነ ባላወቀም ነበር።

በተቃራኒው ደግሞ ፓተንት ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ተመልከቺ። የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽንን የፈለሰፈው በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ መጠጥ ቤት የነበረው ጄምስ ሪቲ ነው። ሠራተኞቹ ከሽያጩ ገንዘብ ያጎድሉበት ነበር። በ1878 በመርከብ ሲጓዝ ሞተር ክፍል ውስጥ የመርከቡን መቅዘፊያ ዙሮች የሚቆጥር መሣሪያ አይቶ፣ ሽያጭንስ እንዲህ መቁጠር አይቻልም ወይ ብሎ አሰበ፤ በ1879 ከወንድሙ ጋር ፓተንት አወጣ። ሐሳቡ የመጣለት በሞተር ክፍል ውስጥ ቆሞ እንጂ በባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጦ እንዳልሆነ ልብ በዪ። ንግዱ ግን ስላልተሳካለት መብቱን ሸጠ። ማሽኑን በዓለም ላይ ያዳረሰው በ1884 ድርጅቱን ገዝቶ ናሽናል ካሽ ሬጅስተር ያለው ጆን ፓተርሰን ነው፤ እርሱ ማሽኑን መሸጥ የሚያውቅ ሰው ነበር። ፓተንት ብዙውን ጊዜ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለ20 ዓመት ይጠብቅሻል፤ ነገር ግን በየአገሩ ለየብቻ ይከፈልበታል፣ በየጊዜው ይታደሳል፣ ሌላው ሲሰርቅሽም ተሟግተሽ የምታስከብሪው ራስሽ ነሽ። ገቢ ለሌላት ምሩቅ ይህ ከባድ ሸክም ነው።

አሁን ወደ ቤተሰብሽ ልመለስ፤ እዚህ ላይ መራር ነገር እናገራለሁና ይቅር በዪኝ። አባትሽን የሚያሳፍራቸው የማሽኑ ቅባት ነው። ሆኖም ያን ዓመት ቤት ተቀምጠሽ ብትሠሪ ቀለብሽን የሚሰፍሩት እኚሁ አባትሽ ናቸው፤ ቀለብ የሚሰፍር ሰው ደግሞ «እስከ መቼ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፤ በስድስተኛው ወር ይጠይቃሉ፤ በስምንተኛው ወር አጎትሽ የሰጡሽ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አገኝሻለሁ። ያ ወንበር ደግሞ የአንቺ አይደለም፤ የአጎትሽ ነው። እርሳቸው ከሥራ ሲለቁ ወይም ከአለቃው ጋር ሲቀያየሙ በአንቺም ላይ ይተርፋል። በጥገናው ሥራ የምታገኚው ደመወዝ ከጓደኞችሽ ያነሰ መሆኑን አልክድም፤ ግን የራስሽ ነው፤ ከእርሱም ላይ በየወሩ ትንሽ ለቤት ማዋጣት ከቻልሽ የአባትሽ ቁጣ ከቅባቱ ቀድሞ ይለቃል። ለአባትሽ «ቴክኒሻን ሆንሁ» ከማለት ይልቅ የመጀመሪያውን ደመወዝ ይዘሽ ግቢ።

ጥሬ ገንዘብ ይጠፋል ስለሚለው ስጋትሽ ብዙ አልጨነቅም፤ እዚህ የምትማሪው ዕውቀት ወደ ሌላ ማሽንም ይሻገራል። ቻርለስ ኬተሪንግ በናሽናል ካሽ ሬጅስተር ሳለ በ1906 ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ሠራ፤ መሳቢያ መክፈት የሚጠይቀው ለቅጽበት የሚያገለግል ብርቱ ጉልበት እንጂ ያለማቋረጥ የሚሠራ ሞተር አለመሆኑን ተረድቶ ነበር። ይህንኑ ሐሳብ ወደ አውቶሞቢል አምጥቶ፣ በእጅ እየዞረ ይነሣ የነበረውን ሞተር በኤሌክትሪክ የሚያስነሣ መሣሪያ አደረገው፤ የ1912ቱ ካዲላክ ይዞት ወጣ። አንቺም ወረቀትን አንድ በአንድ መለየት ከተማርሽ፣ ቲኬት ማሽንም ማተሚያም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ስለ ሁለተኛ ዲግሪ፦ አሁን አይደለም። ምን ማጥናት እንደምትፈልጊ ሁለት ዓመት ከሠራሽ በኋላ ማሽኖቹ ይነግሩሻል።

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ግን ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛው፣ ሠራተኛ በሥራው ላይ የሚፈለስፈው ለድርጅቱ እንደሚሆን የሚደነግግ አንቀጽ በብዙ ውሎች ውስጥ አለና ፈልጊው፤ ካለም የመሳቢያ መቆለፊያው ከመቀጠርሽ በፊት የተሠራ የአንቺ ሥራ መሆኑን ቀን ባለበት ጽሑፍ አስመዝግበሽ በውሉ ላይ አያይዢው። ሁለተኛው፣ ሥዕሉን ለእኔ እንደላክሽው ለሌላ ሰው አትላኪ። ማመልከቻ ሳይገባ ለሕዝብ የተገለጸ ፈጠራ በብዙ አገሮች አዲስነቱን ያጣል፤ አንዳንዶቹ አገሮች ከተገለጸ በኋላም ማመልከት የሚቻልበት የእፎይታ ጊዜ ቢሰጡም በዚያ ላይ መተማመን አይበጅም። እዚህ ዝርዝሩን ያልጻፍሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከገባሽም በኋላ አለቃሽን በሳምንት አንድ ቀን በቶርኖው ላይ እንዲያሠሩሽ ለምኚ። እዚያ የሚቆረጠውን ብረት የሚይዘውን መንጋጋ ማጥበቂያ ቁልፍ ልብ ብለሽ እዪው፤ አንዳንዱ ጫፉ ላይ ሞላ አለው፤ እጅሽን ስታነሺ ተፈናጥሮ ይወጣል፣ መንጋጋው ውስጥ ረስተሽው ቶርኖውን ማስነሣት አትችዪም። የረሳሽው ቁልፍ ማሽኑ ሲነሣ ፊትሽ ላይ ሊወረወር ይችላልና። እኔ የሠራሁበት ቶርኖ ያ ሞላ አልነበረውም፤ ግድግዳው ላይ ከአንድ ሰው ጭንቅላት ከፍታ ጋር የሚስተካከል ጎድጓዳ ምልክት ነበር፤ ማን እንደረሳው አልተነገረኝም።

ሥዕልሽን በመንጠቆው ላይ በእርሳስ አንድ ክብ አድርጌበት መልሼልሻለሁ። መጀመሪያ በሳንቲም የሞላና ያረጀ መሳቢያ ሲያጋጥምሽ፣ በዚያች ክብ ውስጥ ያለውን ርቀት ለክተሽ ጻፊልኝ።