ኢሴ ልትሄዱ ያሰባችሁ ሀበሾች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ

ጃፓን ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ለትምህርት መጥታችሁ እዚሁ ቀርታችሁ ልጅ የወለዳችሁ፣ ስሙኝማ። እረፍት በመጣ ቁጥር ኢሴ መቅደስ እንዴት ነው የሚኬደው ብላችሁ ትደውሉልኛላችሁ፣ ስትመለሱ ደግሞ የምታሳዩኝ ድልድዩ ላይ የተነሳችሁትን ፎቶና የበላችሁትን ሞቺ፣ የሩዝ ኬኩን፣ ነው። ጃፓኖች ከቦታዎቻቸው ሁሉ ከፍ አድርገው የሚያከብሩት መቅደስ ድረስ ሄዳችሁ ያያችሁት እሱን ብቻ ከሆነ ያሳዝነኛል። ስለዚህ አንዴ ልፃፈው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ወረቀት

የመኖሪያ ካርዳችሁ ሁሌም ኪሳችሁ ይሁን፣ ቤት ከቀየራችሁ በ14 ቀን ውስጥ ማዘጋጃ ቤት አስመዝግቡ። ሌላውን ታውቁታላችሁ።

2. መንገዱና ስርዓቱ

ኢሴ ያለው ሚዬ ግዛት ነው። ከቶኪዮ ናጎያ ድረስ በፈጣኑ ባቡር በሺንካንሰን፣ ከዛ በኪንቴትሱ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። መግቢያ አይከፈልም፣ ንጋት ላይ በኛ 11 ሰዓት ይከፈታል፣ ሰው ሳይበዛ በጠዋት ግቡ። ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 125 መቅደስ ነው፣ ዋናዎቹ ግን ሁለት ናቸው። መጀመሪያ ጌኩ ነው የሚኬደው፣ የምግብ፣ የልብስና የመጠለያ አምላክ የሚሏት የቶዮኡኬ ቦታ ነው፣ ከዛ በባስ ሩብ ሰዓት ሄዳችሁ ናይኩ፣ የፀሐይ አምላካቸውና የንጉሠ ነገሥቱ የዘር እናት የሚሏት የአማቴራሱ ቦታ። አብዛኞቻችሁ ሱቁና ምግቡ ናይኩ በር ላይ ስለሆነ ጌኩን ትዘሉታላችሁ። አትዝለሉት፣ ለምን እንደሆነ እታች እነግራችኋለሁ።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ ሀጢያት አይሆንብኝም ወይ የምትሉ፣ ማንም አጨብጭብ ብሎ አያስገድድም። እነሱ ሁለቴ ሰግደው ሁለቴ አጨብጭበው አንዴ ይሰግዳሉ፣ እናንተ ኮፍያችሁን አውልቃችሁ ከጎን በፀጥታ ቁሙ። ልባችሁ ካልተረጋጋ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። የኢሱዙ ወንዝ ዳር እጅ ታጥቦ ነው የሚታለፈው፣ ጠበል አይደለም፣ ህፃን አትንከሩበት። የናይኩ ዋናው መቅደስ ፊት ያለው የድንጋይ ደረጃ ጋ ስትደርሱ ፎቶ ክልክል ነው። አንዱ ወንድማችን እዛ ላይ ስልኩን ጃኬቱ ውስጥ ደብቆ ቪዲዮ ሲቀርፅ አይቼ በጣም ነው ያፈርኩት። እኛ አገር ቅዳሴ መሀል ቅድስት ገብቶ ስልክ የሚያወጣ እንግዳ ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ?

3. ሃያ ዓመቱ

ጌኩን አትዝለሉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ዋናው ቤት አጠገብ በጠጠር የተሞላ ባዶ ቦታ አለ፣ መሀሉ ላይ አንዲት ትንሽ የእንጨት ጎጆ ብቻ ቆማለች። ልጆቻችሁ ይሄ ምንድነው ይሏችኋል፣ የዛን ቀን ትልቁ ጥያቄ እሱ ነውና ስልካችሁን ትታችሁ መልሱላቸው። ሁለቱም መቅደሶች በየ20 ዓመቱ ጎናቸው ባለው ባዶ ቦታ ላይ ልክ እንደነበሩት ሆነው እንደ አዲስ ይሰራሉ፣ አሮጌው ይፈርሳል። የጀመረው በ690 በእቴጌ ጂቶ ጊዜ ነው፣ 62ኛው 2013 ተደረገ፣ 63ኛው 2033 ነው፣ ስርዓቱ ከ2025 ጀምሮ ተጀምሯል።

ቤቱ ግዙፍ እንዳይመስላችሁ፣ ምሰሶው ያለ መሠረት ድንጋይ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ክዳኑ ሳር ነው። ድንጋይ መጥረብ አቅቷቸው አይደለም። ምክንያቱን አንድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፣ እነሱ ራሳቸው ደጋግመው ከሚያነሱት አንዱ ግን ሙያው ነው። በሃያዎቹ ያለ አናጢ እያቀበለ ያያል፣ በአርባዎቹ ራሱ ይሰራል፣ በስልሳዎቹ ቆሞ ያርማል። ሂኖኪ የሚባለው እንጨት ከ10,000 ግንድ በላይ ይፈልጋል፣ ለሱ ብለው ከ1923 ጀምሮ ለ200 ዓመት የታሰበ ጫካ ይንከባከባሉ፣ የተከለው ሰው ሲቆረጥ አያየውም። ቤቱ ብቻም አይደለም፣ 1,576 ዕቃ፣ ሰይፉ፣ ጨርቁ፣ የፈረሱ ኮርቻ ሳይቀር አዲስ ይሰራል፣ ስለዚህ ቀጥቃጩም ሸማኔውም ተማሪ ይይዛል። ሃያው ስልሳ ቢሆን ኖሮ ወጣቱ ሽማግሌውን ሳያገኘው ይቀር ነበር።

አሁን ወደናንተ ልምጣ። "ሲያድግ ይማረዋል" ትላላችሁ። ከማን ነው የሚማረው? ቶኪዮ ካትሱሺካ አካባቢ ተሰብስበን እንኳን ስንበላ ልጆቹ ጥግ ላይ በጃፓንኛ ነው የሚያወሩት፣ እናት በአማርኛ ትጠራለች ልጅ በጃፓንኛ ይመልሳል፣ እሷም ደስ ብሏት "ይሰማል እኮ፣ መመለስ ነው እንጂ" ትላለች። መስማት ብቻውን የአንድ ትውልድ ስንቅ ነው እህቴ፣ እሱ ለልጁ ምን ብሎ ያወርሰዋል? አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ልጁ ግራ እንዳይጋባ ብላችሁ ቤት ውስጥ በተሰባበረ ጃፓንኛ ታወሩታላችሁ፣ ጃፓንኛውን ትምህርት ቤቱ ከናንተ በተሻለ ያስተምረዋል፣ አማርኛውን ግን ከናንተ በቀር የሚሰጠው የለም።

የኔ ትልቁ ልጅ ከእናቴ ጋር በስልክ ሲያወራ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። እሷ ተረት ልትነግረው ትጀምራለች፣ እኔ ከስራ ደክሞኝ አሳጥሬ እነግረዋለሁ፣ ያሳጠርኩት ሁሉ በዛው ቀረ። እናቴ ስታርፍ ልጄ ያለቀሰው እኔ ሳለቅስ አይቶ ነው። ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል፣ የምቆጣችሁም ለዚህ ነው።

ረፍዷል የምትሉ ደግሞ ይሄን ስሙ። ድሮ የጃፓን መሳፍንት እርስ በርስ ይዋጉ በነበረበት ዘመን የኢሴ ግንባታ ከ120 ዓመት በላይ ተቋርጦ ነበር። በ1563 የጌኩን ያስጀመረችው ሴጁን የምትባል የቡድሃ መነኩሲት ናት፣ የመቅደሱ ሃይማኖት የሺንቶ ሰው እንኳን ሳትሆን ከሰው ለምና ገንዘቡን አሰባስባ፣ የናይኩ ደግሞ በ1585 ቀጠለ። የኛ ልጆች አስራ ሁለት ዓመት ቢያልፋቸው ምኑ ነው የረፈደው?

ግንዱ ወደ መቅደሱ ሲገባ የኢሴ ሰው ሰፈር በሰፈር ወጥቶ በረጅም ነጭ ገመድ በጋሪም በወንዝም ይጎትተዋል፣ "ኤንያ! ኤንያ!" እያለ። ገመዱ ላይ ሀፒ የሚሉትን የበዓል ካፖርት ለብሰው የሚንጠለጠሉ ህፃናት አሉ፣ አንድ ኪሎ አይጎትቱም፣ ግን ማንም ዞር በሉ አይላቸውም፣ ዜማውን ከአያቶቻቸው አፍ ይይዙታል። እኛ ማህበር ስንጠጣ፣ ቡና ስናፈላ ልጆቹን ታብሌት ሰጥተን ሌላ ክፍል እንዘጋባቸዋለን። አምጧቸው እንጂ! ረከቦቱ ጋ አስቀምጧቸው፣ ፈንዲሻውን እነሱ ያድሉ፣ "አቦል ደርሷል" ብለው እነሱ ይጥሩ።

4. ባቡሩ ላይ

ከናጎያ በኋላ ያለውን መንገድ በአማርኛ ብቻ አውሩ። የምታወሩት ካጣችሁ በ1830 በጥቂት ወራት ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው በእግሩ ኢሴ እንደተመመ ንገሯቸው፣ መሄድ ያልቻለ ሰው የመንገድ ገንዘብ አንገቱ ላይ አስሮ ውሻውን ይልክ እንደነበር ንገሯቸው፣ ውሻውን የሚወዱት ይመስለኛል። ስትመለሱ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ፊደል አስተምራለሁ፣ ክፍያ የለውም፣ ወላጅ ግን ልጁን ጥሎ አይሄድም፣ አብሮ ቁጭ ይላል።