«ነጠላ ብቅል» ያስኬዳል?

ጥያቄ፦ የምሠራበትን ሆቴል የመጠጥ ዝርዝር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ስኮቹንም ቡርበኑንም በደፈናው «ውስኪ» ልበላቸው? «ሲንግል ሞልት»ንስ «ነጠላ ብቅል» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

«ብቅል» ያልከው ትክክል ነው። ለጠላ የምናበቅለውም ለስኮትላንድ ውስኪ የሚበቅለውም ገብስ ያው ብቅል ነው። ችግሩ «ነጠላ» ላይ ነው። «ሲንግል» የሚቆጥረው ብቅሉን ሳይሆን መጠጡ የወጣበትን ቤት ነው። የብዙ በርሜል ውስኪ ተቀላቅሎም ቢሆን፣ ሁሉም ከአንድ ፋብሪካ ከወጣ ሲንግል ሞልት ይባላል። «ነጠላ ብቅል» ያነበበ ሰው ግን አንድ ዓይነት ገብስ ነው የሚመስለው። ስለዚህ «ሲንግል ሞልት» ብለህ ጻፍና ከሥሩ «ከአንድ ፋብሪካ የወጣ የብቅል ውስኪ» በል።

ወደ መጀመሪያው ስመጣ፣ «ውስኪ» የወል ስም ነው። ስኮችና ቡርበን ግን በሕግ የታጠሩ ስሞች ናቸው። ስኮች ለመባል ስኮትላንድ ውስጥ ወጥቶ፣ እዚያው በኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት። ቡርበን የአሜሪካ ነው። ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት፤ የሚቀመጠውም ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ ዕቃ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ብታልፋቸው ደንበኛህ የሚያዘውን አያውቅም።

ሌላም የሚጠቅምህ ቃል አለን፦ «ዳግም»። ሁለቴ የወጣ አረቄ ዳግም እንደሚባለው ሁሉ የስኮትላንዱም የብቅል ውስኪ በአብዛኛው ሁለቴ የወጣ ነው። አየርላንዶች ብዙውን ጊዜ ሦስቴ ያወጡታል። እንዲህ ያለ የሙያ ቃል እያለን ባንጠቀምበት ያሳዝነኛል።

አየርላንዶችና አብዛኞቹ አሜሪካውያን ስሙን በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ከመጨረሻዋ ፊደል በፊት «ኢ» (e) የምትባለዋን ፊደል ይጨምራሉ። ስኮትላንድ፣ ካናዳና ጃፓን አይጨምሩም። የጃፓን ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከጃፓን ውስኪ መሥራቾች አንዱ የሆነው ማሳታካ ታኬትሱሩ እ.ኤ.አ. በ1918 ስኮትላንድ ሄዶ ነው ሙያውን የተማረው። በአማርኛ ይህ ልዩነት አይሰማም። አንዱን «ውስኪ» ሌላውን «ዊስኪ» ብለህ ለመለየት አትድከም። ሕዝቡ የለመደው «ውስኪ» ነው፤ ለሁሉም እሱን ጻፍ።

የቃሉን ምንጭ ሳልነግርህ ባልፍ ደስ አይለኝም። «ውስኪ» የመጣው ከጌሊክ፣ ከስኮትላንዶችና ከአየርላንዶች ነባር ቋንቋ፣ ነው። ሙሉ ስሙ «የሕይወት ውሃ» ማለት ነበር፤ በግዕዝ «ማየ ሕይወት» እንደምንለው። ጌሊኩም ከላቲኑ «አኳ ቪቴ» የተመለሰ ነው። ኋላ «የሕይወት» የሚለው ወደቀና «ውሃ» ብቻ ቀረ። የኛ «አረቄ» ደግሞ ከዐረብኛው «ዐረቅ» ነው፤ ላብ ማለት ነው። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ሲል ላብ ይመስላላ!