ለአንድ ቫዮሊን የተጻፈውን ለአራት እንዴት እንክፈለው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች። ጅማ ውስጥ አራት ሆነን እንለማመዳለን፤ ሦስታችን ቪዮላ (ከቫዮሊን ተለቅ ያለና ድምፁ ዝቅ ያለ መሣሪያ) አለን፣ አንዷ ጓደኛችን ግን ያላት ቫዮሊን ነው። የአቀናባሪውን የቢበርን ፓሳካሊያ (በሚመላለስ መሠረት ላይ የሚገነባ ሙዚቃ) ለአራታችን ልንከፋፍለው አስበናል። በየትኛው ኪይ እንጻፈው? ለማንስ ምን እንስጥ? ቫዮሊኑ ላይ የቪዮላ ክር ብንገጥምስ ያስኬዳል?
ከሄርማታ፣ ጅማ

መልስ፦ ምርጫችሁ ግሩም ነው። ቢበር እ.ኤ.አ. በ1676 አካባቢ ለብቸኛ ቫዮሊን የጻፈው ይህ ሥራ የቆመው በአራት ኖታዎች ላይ ነው፦ ሶል፣ ፋ፣ ሚ ፍላት፣ ሬ። 65 ጊዜ ይመላለሳሉ፤ ሌላው ሁሉ በእነሱ ላይ ይገነባል።

ከሶል ማይነር ወደ ዶ ማይነር አውርዱት። የቪዮላ ክሮች ከቫዮሊን በአምስት ድምፅ ዝቅ ስለሚሉ የጣት አጣጣሉ ሳይለወጥ ይቀራል። መሠረቱ ዶ፣ ሲ ፍላት፣ ላ ፍላት፣ ሶል ይሆንና በሙሉ ሶል ክር ላይ ያርፋል፦ ሦስተኛ ጣት፣ ሁለተኛ ጣት፣ ወደ ኋላ የተሳበ አንደኛ ጣት፣ ከዚያ ባዶ ክር። ባዶው ሶል ጎልቶ ከወጣ ዶ ክር ላይ በአራተኛ ጣት ያዙት። መሠረቱን በኦክታቭ (በስምንት ድምፅ) ማውረድ ግን አይሞከርም፤ ከዶ በታች ክር የለም።

ሦስታችሁ ሳትጽፉም መሞከር ትችላላችሁ። የቫዮሊኑን ኖታ አስቀምጡና ቪዮላውን ቫዮሊን እንደሆነ ቆጥራችሁ ተጫወቱ፤ ራሱ ዶ ማይነር ይወጣል። ጓደኛችሁ በዚህ ሙከራ አትግባ፤ የእሷ ሶል ማይነር ሆኖ ይጋጫል።

ዋናው ሥራ የተደበቁትን ድምፆች ማውጣት ነው። ብቸኛው ቫዮሊን ጣቱ ሌላ ቦታ ስለሚፈለግ ብዙ ኖታ ሳይጨርስ ይለቃል። እናንተ ስትከፋፍሉት እያንዳንዱ ኖታ በዚያው መስመር ቀጣዩ እስኪመጣ ይያዝ፤ ከዚያ ካለፈ ይደፈርሳል። አዲስ ኖታ አትጨምሩ። የቪዮላ ድምፅ ከታች ወፍራም ነው፤ ዶ ክር ላይ ተቀራራቢ ድምፆች ሲደረቡ ጆሮ መለየት ያቅተዋል። ኮርዱንም (አንድ ላይ የሚሰሙትን ኖታዎች) አንድ በአንድ እያስቀደማችሁ አትስበሩት። ቫዮሊኒስቱ የሚሰብረው ብሪጁ (ክሮቹ የሚያርፉበት እንጨት) ጎባጣ በመሆኑ ደጋኑ ሦስትና አራት ክር አንድ ላይ ይዞ መቆየት ስለማይችል ነው፤ እናንተ እኩል ጀምሩት።

ፈጣኑን ሩጫ ስትቀባበሉ ተቀባዩ ምቱ ላይ ይግባ፣ ሰጪውም ያችን አንዲት ኖታ አብሮት ይጫወት፤ አለዚያ መጋጠሚያው ላይ ቀዳዳ ይሰማል። መሠረቱን ሁልጊዜ አንድ ሰው አይያዝ፣ ክንድ ይደክማል። ቅያሪው አራቱ ኖታ ካለቀ በኋላ፣ አዲሱ ዶ ላይ ይሁን።

ቫዮሊኑ ላይ የቪዮላ ክር አትግጠሙ። ወፍራሙ ዶ ክር ብሪጁን መቅረጽ ያስፈልገዋል፤ ሣጥኑም ስለሚያንስ ድምፁ ይዳከማል። ሶል፣ ሬና ላ በሁለቱም መሣሪያ አንድ ስለሆኑ የመጀመሪያውን መስመር ለእሷ ስጧት፤ ከሶል በታች እንዳይወርድ ብቻ ጠብቁ። ሚ ክር ላይ ከወጣች ከሦስታችሁ ተለይታ ትጮኻለች፤ ላ ክር ላይ ፖዚሽን (የእጇን ቦታ) እየለወጠች ትውጣ። ኖታዋን በቫዮሊን ክሌፍ (በመስመሩ መነሻ ላይ በሚጻፈው የቫዮሊን ምልክት)፣ በዶ ማይነር ጻፉላት።