የጓሳን ጉብታ ብቻችንን እንውጣት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አምና ወደ መሐል ሜዳ ስሄድ መንዝ ጓሳ ላይ ከመንገዱ በስተምሥራቅ ያለች አንዲት ጉብታ ዓይኔ ውስጥ ቀረች። ሰው የሚወጣባት አትመስልም፤ ስሟንም የሚነግረኝ አላገኘሁም። በጥር ከጓደኛዬ ጋር ልንወጣት አስበናል። መሪ የግድ ያስፈልገናል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አዎ ልጄ፣ ያስፈልጋችኋል።

ጓሳ ከመኪና ሲያዩት ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ሲገቡበት ግን ሣሩ ክምር ክምር ብሎ የበቀለ ነው፤ እግር በመካከሉ ይሰምጣል፣ ፍልፈል የቦረቦረው አፈርም ይከዳል። ቦታው ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንሿ ዳገት ሳትቀር ትንፋሽ ታሳጥራለች።

እኔ መንዜ ነኝ፤ በሃያ ዓመቴ አውቀዋለሁ ብዬ ብቻዬን ወጣሁ። ገና ረፋድ ላይ ጉም ከገደሉ ሥር ተነሣ። አጠገቤ ሁለት የጅብራ ተክሎች ነበሩ፤ ሁለተኛው ጠፋኝ። ምሥራቁ ገደል መሆኑን ስለማውቅ ጨረንፌ የሚባል ቁጥቋጦ ሥር ኩርምት ብዬ ተቀመጥኩ። የእረኛ ፉጨት እስክሰማ አልተነሣሁም። እናንተም ጉም ከያዛችሁ ተቀመጡ፤ አትንቀሳቀሱ።

መሪ ያዙ የምለው ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። ሣሩ ባለቤት አለው። የእናቴ ቤት ክዳን ጓሳ የሚባለው ይኸው ሣር ነበር። ድሮ የቀደምቶቹ ባለርስቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው ይጠብቁትና ሲደርስ በአንድነት ያጭዱት ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት አፈረሰው፤ ዛሬ ሕዝቡ እንደገና ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከመንገዱ ከመውጣታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን አነጋግሩ። ከቤት ሳትነሡም የመንገዱን ደኅንነት አጣሩ።

በጠዋት ጀምሩ። ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ወጥተው ሣር ሲነቅሉ ታገኟቸዋላችሁ። ቀይ ቀበሮ ካያችሁ ዝም ብላችሁ ቁሙ፤ አይጥ የሚያድነው ብቻውን ነው፣ ኮሽታም ያባርርበታል። ጥር ቢሆንም ሌሊቱ ውርጭ ነውና ባና ያዙ፤ በሶና ውኃም አትርሱ።

አናቷ ላይ ስትደርሱ ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ መልሱ። በዚያ በኩል የሚወርደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ ከጀርባችሁ ያለው ደግሞ በጀማ ወንዝ በኩል ዓባይ ይገባል። እኔ ይህን ያወቅሁት አድጌ ነው፤ በልጅነቴ በጎቼን ይዤ በሁለቱ መካከል ስመላለስ የነገረኝ አልነበረም።

ስሟንም መሪሽን ጠይቂው። እረኞቹ ሳያወጡላት አይቀሩም። ሲነግርሽ ጻፊልኝ።