ጥያቄና መልስ፦ «የእናንተ ኢየሱስና የእኛ ክርሽና አንድ ናቸው» አለችኝ

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ መምህር? የምሠራው ዱባይ፣ ሂንዱ የሆኑ ሕንዳውያን ቤት ነው። ማዳሜ ጥሩ ሰው ናት። የጸሎት ክፍል አላቸው፤ የማጸዳው እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት በምስሎቹ ፊት ጣፋጭ አቅርባ ትጸልይና ኋላ ለቤቱ ሰው ታካፍላለች፤ ለእኔም ትሰጠኛለች። ሰሞኑን ማተቤን አይታ «አምላክ በየዘመኑ ሰው ሆኖ ይወርዳል። አንዴ ክርሽና፣ አንዴ ኢየሱስ ሆኖ መጣ፤ አንድ ነን» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ምን ልበላት? ጣፋጩንስ መብላት ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከጣፋጩ ልጀምር፤ እሱ ይቀላል።

በምስሉ ፊት ቀርቦ የሚነሣው ምግብ ፕራሳድ ይባላል። ለአምላካቸው ቀርቦ በበረከት የተመለሰ ነው ብለው ያምናሉ። ለማዳምሽ ተራ ጣፋጭ አይደለም ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በገበያ የሚሸጠውን ሳትመረምሩ ብሉ ካለ በኋላ፣ «ለጣዖት የተሠዋ ነው» የሚላችሁ ካለ ግን አትብሉ ይላል (1ኛ ቆሮ. 10፥25-28)። አንቺ ከየት እንደተነሣ በዓይንሽ አይተሻል፤ አትብዪ። ወጥ ቤት የምትሠሩትን ምሳና ሻይ ግን አማትበሽ ብዪ፣ ጠጪ። ትቀየመኛለች ብለሽ አትጨነቂ። ሂንዱዎች ራሳቸው በሚበላና በማይበላ ነገር ላይ ብዙ ሥርዓት ያላቸው ሰዎች ናቸው። «በሃይማኖቴ አይፈቀድልኝም» ብትያት ከማንም በላይ ይገባታል።

ክፍሉን መጥረግ ደግሞ ሥራሽ ነው። ሶርያዊው ንዕማን በእግዚአብሔር ካመነ በኋላም ንጉሡን ደግፎ ሬሞን ወደተባለው ጣዖት ቤት መግባት ነበረበት። ጭንቀቱን ለኤልሳዕ ነገረው፤ ነቢዩም በሰላም አሰናበተው (2ኛ ነገ. 5፥18-19)። አቧራ ማራገፍ ስግደት አይደለም። ዕጣን አጢሺ፣ መብራት አብሪ ብትልሽ ግን እሱ የአምልኮው ክፍል ነው፤ በትሕትና እምቢ በያት።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ይህን ጥያቄ ከዐረብ አገርም፣ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የእኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይመልሳል። ወይ «ድንጋይ አምላኪ» ብሎ ይሳደባል፤ ወይ «ያው ነው፣ ሁሉም ወደ አንድ ይሄዳል» ብሎ ይገላገላል።

ስድቡ አያዋጣም፤ እውነትም አይደለም። ሂንዱዎች አራት ቬዳ የሚባሉ ጥንታዊ መጻሕፍት አሏቸው። ኡፓኒሻድ የተባሉት ጽሑፎች ደግሞ ብራህማን ስለሚሉት፣ ከሁሉ በላይ ስላለው እውነታ በጥልቀት ይናገራሉ። አንዱ ቤት ቪሽኑን፣ ሌላው ሺቫን፣ ሌላው እናት የሚሏትን ዱርጋን ያመልካል። በጸሎት ክፍሉ የዝሆን ራስ ያለው ምስል ካየሽ ጋኔሻ ነው፤ ሥራ ሲጀመር ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። ምስሉንም ቢሆን ተራ ድንጋይ ነው ብለው አይሰግዱለትም፤ አምላኩ በሥርዓት ተጠርቶ ያድርበታል ይላሉ። እኛ ይህን አምልኮ አንቀበልም፤ ትእዛዙ ግልጽ ነው። ግን ቅዱስ ጳውሎስም አቴና በጣዖት ተሞልታ ሲያይ መንፈሱ ተበሳጨ እንጂ አፉን በስድብ አልከፈተም (ሐዋ. 17)።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ያው ነው» የሚለው ነው።

ማዳምሽ የነገረችሽ ትምህርት ባጋቫድ ጊታ በተባለው የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ አለ። መጽሐፉ 18 ምዕራፍ ነው። አርጁና የተባለ ጦረኛ ዘመዶቹን መውጋት አቅቶት ቀስቱን ሲጥል፣ ሠረገላውን የሚነዳው ክርሽና የሚያስተምረው ነው። በአራተኛው ምዕራፍ ክርሽና እንዲህ የሚል ሐሳብ ይናገራል፦ እኔም አንተም ብዙ ጊዜ ተወልደናል፤ እኔ ሁሉንም አውቃለሁ፣ አንተ አታውቅም። ጽድቅ በደከመ ጊዜ ሁሉ ደጋጎችን ላድን፣ ክፉዎችን ላጠፋ በየዘመኑ እመጣለሁ።

ልብ በዪ እኅቴ። «ብዙ ጊዜ ተወልደናል» ነው የሚለው። በእነሱ ትምህርት ሰው ሞቶ ደጋግሞ ይወለዳል፤ ዓለሙም ይፈርሳል፣ ይታደሳል። እንዲህ ባለ ዓለም የአምላክ መውረድም መደጋገሙ አይቀርም። ለዚህ ነው የቪሽኑ መገለጦች በተለመደው ዝርዝር ዐሥር የሆኑት፤ ክርሽና ከእነሱ አንዱ ነው፤ ዐሥረኛው ካልኪ ገና ይመጣል ይላሉ። የእኛ ሃይማኖት ግን ሰው አንድ ጊዜ ይሞታል፣ ከዚያም ፍርድ ነው ይላል። ክርስቶስም ብዙ ጊዜ መከራ ሊቀበል አላስፈለገውም፤ አንድ ጊዜ ራሱን ሠዋ (ዕብ. 9፥26-28)። አንዱን ከነካሽ ሌላው ይናጋል። (የእኛ ወጣቶችስ «ካርማ ነው» የሚሉት ነገር? ሰው የሠራው ሥራ፣ ባለፈው ሕይወቱ የሠራውም ጭምር፣ ተመልሶ ያገኘዋል የሚለው የእነሱ ትምህርት ነው። ጎረቤቱ ሲወድቅ «ካርማ አገኘው» የሚል ክርስቲያን ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው የሚናገረውን ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን ያንብብ።)

ሌላም አለ። በጊታ የሚመጣው ክፉዎችን ሊያጠፋ ነው። ጌታችን ግን «ኃጢአተኞችን እንጂ ጻድቃንን ልጠራ አልመጣሁም» አለ (ማቴ. 9፥13)። እኔና አንቺ ከየትኞቹ እንደሆንን አንካካድም።

ማሀባራታ በተባለው የሂንዱዎች ታላቅ ትረካ እንደሚነገረው፣ ክርሽናን ጫካ ውስጥ አንድ አዳኝ፣ አውሬ መስሎት፣ እግሩን በቀስት መታው፤ በዚያው ከምድር ተለየ። ጌታችንም ተወጋ፤ ግን የተዋሐደውን ሥጋ ለአፍታ እንኳ አልተወውም። በመቃብርም፣ በትንሣኤም፣ በዕርገትም ከሥጋው አልተለየም። ቶማስ እጁን የሰደደው የተወጋው ጎን ውስጥ ነው። ተዋሕዶ ስንል ይህን ነው። ያንን ጎን የዳሰሰው ቶማስ ደግሞ ወንጌልን ይዞ የሄደው ወደ ማዳምሽ አገር ነው፤ ግንቦት 26 የምናከብረው ሐዋርያ።

ማዳምሽ ግን ልትሰድብሽ አይደለም፤ ልታከብርሽ ነው። ክርስቶስን ከአማልክቷ ጎን በደስታ ታስቀምጠዋለች። እኛ ደግሞ ከማንም ጎን ልናስቀምጠው አንችልም። ስለዚህ አትከራከሪያት። እንደገና ካነሣችው «እኛ አንድ ጊዜ ሰው ሆነ፣ ስለ ኃጢአተኞች ሞተ፣ በዚያው ሥጋ ተነሥቶ ይመጣል ብለን እናምናለን» በያትና ሥራሽን ቀጥዪ። ከጠየቀችሽ ጨምሪላት፤ ካልጠየቀችሽ በቂ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዱባይ የሕንድ ኦርቶዶክሶች ቤተ ክርስቲያን አለ። ከደቡብ ሕንዷ ከኬረላ የመጡ፣ በሃይማኖት ከእኛ ጋር አንድ የሆኑ ናቸው፤ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተደረገው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ አባቶቻቸው አብረው ተቀምጠዋል። የዕረፍት ቀንሽ ሲሆን ሄደሽ ካህናቱን አግኚ። ከሂንዱ ጎረቤት ጋር በፍቅር መኖርን፣ ፕራሳድ ሲሰጡ ምን እንደሚባል፣ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።