ጥያቄና መልስ፦ ቦንጋኒ ማዮሲ እና የአፍሪካ ልብ

የልብ ሐኪም ነኝ። ዛሬ ስለ ደቡብ አፍሪካዊው የልብ ሐኪምና ተመራማሪ ፕሮፌሰር ቦንጋኒ ማዮሲ ጠይቁኝ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። «ያመኛል፣ ምን ልዋጥ?» ለሚል መልስ የለኝም።

ሜሮን፦ ባጭሩ ማን ነበሩ?
መልስ፦ በ1967 ተወለዱ። ደርባን ሕክምና፣ ኦክስፎርድ ዶክትሬት ተማሩ። በ2006 የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲና የግሩተ ስኩር ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ለቦታው የመጀመሪያው ጥቁር ናቸው።

ናሆም፦ ሬዚደንት ነኝ። «ኢምፒ» የሚባለው ጥናታቸው ምን ለወጠ?
መልስ፦ እንዲህ ጠይቁኝ! ቲቢ የልብን ሽፋን ሲይዝ ውሃ ይቋጥራል፣ ልብን ያፍናል። ፀረ ቲቢው ላይ ስቴሮይድ (መቆጣትን የሚቀንስ መድኃኒት) ይጨመር? በትንንሽ ጥናትና በልማድ ነበር የምንሄደው። የእሳቸው ቡድን በ8 የአፍሪካ አገሮች 1400 ሕሙማን አሳተፈ። ውጤቱ በ2014 ወጣ። ሞት፣ የልብ መታፈንና የሽፋኑ መጨማደድ ተደምረው ሲታዩ ስቴሮይዱ፣ ማለትም ፕሬድኒሶሎን፣ ለውጥ አላመጣም። መጨማደዱ ብቻውን ግን ከ7.8 ወደ 4.4 በመቶ ወረደ። በሌላ በኩል ካንሰር ጨመረ፣ በተለይ ከኤችአይቪ ጋር የሚያያዘው። ስለዚህ በጅምላ አይታዘዝም። ይሄንን ለንደን ላይ ማን ያጠናልሃል? በሽተኛው ያለው እኛ ጋ ነው።

ትዕግስት፦ እናቴ ፕሬድኒሶሎን ትወስዳለች፣ ታቁም?
መልስ፦ ከላይ ምን አልኩ? በራሷ እንዳታቆም። ያዘዘላትን ሐኪም ጠይቁ።

ብሩክ፦ ግሩተ ስኩር ቀዶ ሐኪሙ ክርስቲያን ባርናርድ የመጀመሪያውን ልብ ከሰው ወደ ሰው የተከለበት አይደል?
ዮናስ፦ ባርናርድ ስሙን ወሰደ እንጂ የሠራው ሃሚልተን ናኪ ነው!
ብሩክ፦ ወሬ ነው ባክህ።
ዮናስ፦ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ!
መልስ፦ ወጥቶም ታርሟል። ናኪ በእንስሳት ቤተ ሙከራ ቀዶ ሐኪሞችን ያሠለጠኑ ድንቅ ባለሙያ ናቸው። በ1967ቱ የልብ ተከላ ላይ ግን አልነበሩም። ወደ ማዮሲ እንመለስ።

ሰላም፦ አሟሟታቸውስ?
መልስ፦ በ2018 ነው። ቤተሰባቸው ድባቴ እንደነበረባቸውና ሕይወታቸውን ራሳቸው እንዳጠፉ ተናግሯል። ከዚህ አላልፍም።

አቤል፦ ስለ ምርምር ምክር ይስጡኝ።
መልስ፦ የምን ምርምር? ጥያቄህን አጥብበው።

ኤደን፦ እኛንስ ይመለከተናል?
መልስ፦ እንዴታ! «ሪሜዲ» በተባለው ጥናታቸው ኢትዮጵያ አለችበት። በ14 አገሮች 3343 የሩማቲክ ልብ (የልብን በሮች፣ ቫልቮቹን የሚጎዳ በሽታ) ሕሙማን ተመዘገቡ። ግማሽ ያህሉ ከ28 ዓመት በታች ናቸው። በ2 ዓመት ውስጥ 16.9 በመቶው ሞቱ። መነሻው ብዙ ጊዜ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው፣ እናንተ ቶንሲል የምትሉት። ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥል አታስቆርጡ። ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሩማቲክ የተባለ ደግሞ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌውን አይዝለል።

ቢኒ፦ ዶክተር፣ ቶንሲል ልብ ይጎዳል እንዴ?
መልስ፦ አሁን ምን ጻፍኩ? አንብብ እንጂ! እንጥልም አታስቆርጡ፣ ደግሜ እላለሁ።

ራሄል፦ ልጄ መርፌው ያማል ብላ እምቢ አለች።
መልስ፦ እውነቷን ነው፣ ያማል። ማደንዘዣ ተቀላቅሎ ይሰጣት እንደሆነ የምትከታተሉበት ጠይቂ። ቫልቯ ክፉኛ ከተጎዳ ወይም የልብ ድካም ካለባት ሳትወጋ በፊት ንገሪያቸው። ቀኑ ግን አይለፋት።